እሳቱ ከጠፋ በኋላ በእሳት አጥፊዎች ላይ ስለሚቀረው ጕዳት

ከሚነደው እቶን የወጡት ሠለስቱ ደቂቅ የጢሱ ሽታ እንኳ እንዳልተገኘባቸው የማያውቅ አንባቢ የለም። ከነሕይወታቸው መውጣታቸው ብቻ ለተአምሩ ይበቃ ነበር፤ ታሪኩን የጻፈው ግን የሽታውን ነገር ሳያነሣ አላለፈም። ይህን የምናነሣው ትርጓሜ ለመስጠት አይደለም፤ ትርጓሜውን ለሊቃውንቱ እንተዋለን። ነገር ግን በዘመናችን በሥራው ግዴታ ወደሚነድ ቤት የሚገባ ሰው በሕይወት ሲወጣ ባየነው ጊዜ፥ «ተመስገን፤ ተረፈ» ብለን ወደየቤታችን እንመለሳለን፤ በልብሱ፣ በጠጕሩና በቆዳው ላይ ስለሚቀረው የጢስ ሽታ ግን የሚጠይቅ የለም። ሽታ ባዶ ነገር አይደለም፤ የሚሸተው ነገር ራሱ በጥቂት በጥቂቱ ወደ አፍንጫችን ሲገባ ነው። እንግዲህ ከእሳት የወጣው ሰው ጢስ ጢስ የሚሸት ከሆነ እሳቱን ገና ከላዩ አላወረደም ማለት ነው። ይህ ያልወረደ እሳት ስለሚያመጣው በሽታና ሹማምንት ሊያደርጉት ስለሚገባቸው ነገር ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። መንገዱ ጠባብ፥ ሱቁም ከሱቅ የተጣበቀ ስለ ነበረ፥ ለማጥፋት የደከሙት ሰዎች ሰዓታት ያህል በጢሱ ውስጥ ቈዩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የተጠያየቀው ስለ ጠፋው ንብረት ነበር፤ ይህም የሚገባ ነው። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው እንዲህ ባለ ቦታ የሚቃጠለው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። አባቶቻችን የሚያውቁት የቤት ቃጠሎ የሣር ክዳንና የእንጨት ማገር ቃጠሎ ነበር። የዚያም ጢስ ቢሆን የዋህ አልነበረም፤ በጭስ ቤት ውስጥ ወጥ ስትሠራ የኖረች እናት ዐይኗና ደረቷ ይመሰክራል። ዛሬ በአንድ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ግን የናይለን ልብስ፣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ቀለምና ቫርኒሽ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የሽቦው ልባስ ነው። እነዚህ አብዛኞቹ ሥራቸው ከነዳጅ ዘይት የሆነ ስለ ሆነ፥ ሲነዱ እንደ እንጨት ዐመድ ሆነው አይቀሩም፤ ብዙ ዓይነት መርዝ ሆነው ወደ አየር ይበተናሉ።

ከነዚህ መርዞች ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባሉት ሁለቱ ወዲያው የሚገድሉ ናቸው፤ ሰውም የሚፈራው እነርሱን ነው። ቤንዘንና ፎርማልዴሃይድ የሚባሉት፥ በጥቀርሻው ውስጥ ያሉት ቅባትነት ያላቸው መርዞች፥ ከአሮጌ ሕንፃ ፍርስራሽ የሚነሣውም የአስቤስቶስ ብናኝ ግን ትዕግሥት እንዳለው አራጣ አበዳሪ ናቸው፤ ዛሬ ምንም ሳይናገሩ ይገቡና ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ፥ ሰውየው ጡረታ ወጥቶ የልጅ ልጅ ሲያቅፍ፥ ዕዳውን ከነወለዱ ይጠይቁታል።

ይህ ነገር በብዙ ጥናት የተመረመረው በሌሎች አገሮች ስለ ሆነ ምስክሩን ከዚያ ማምጣት ግድ ይሆንብናል። ከዚህ በታች የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተነገረ በቀር የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

የዓለም ጤና ድርጅት ክፍል የሆነው፥ መቀመጫውም በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ያለው የነቀርሳ ምርምር ድርጅት በጁን ወር 2022 ከ8 አገሮች የተውጣጡ 25 ሊቃውንትን ሰብስቦ የእሳት አጥፊነትን ሥራ አስመረመረ። ይኸው ድርጅት በ2007 ስለዚሁ ጕዳይ ተመራምሮ የሰጠው ቃል «ነቀርሳ ያመጣ ይሆናል» የሚል ብቻ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ጥርጣሬውን ትቶ፥ ሥራው ነቀርሳ ማምጣቱ የተረጋገጠ መሆኑን አስታወቀ፤ ትንባሆና አስቤስቶስ ባሉበት መደብም አገባው። በበቂ ማስረጃ የተረጋገጡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሳንባንና ሆድን በውስጥ የሚሸፍነው ስስ ገለፈት ነቀርሳ፥ ሁለተኛው የፊኛ ነቀርሳ ነው። ስለ ትልቁ አንጀት፣ ስለ ፕሮስቴት፣ ስለ ዘር ፍሬና ስለ ሌሎች ጥቂቶች ደግሞ ማስረጃው ቢኖርም ገና ሙሉ አይደለም ተብሏል። የዚህ መደብ ትርጕም እርግጠኝነቱን እንጂ የጕዳቱን መጠን የሚለካ አይደለም፤ እያንዳንዱ እሳት አጥፊ ይታመማል ማለትም አይደለም። ይህን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩን የሚያጋንን ሰው ተከራካሪውን ይረዳልና።

ስለ መጠኑ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ጤንነት መሥሪያ ቤት በቺካጎ፣ በፊላደልፊያና በሳን ፍራንሲስኮ ያገለገሉ 30 ሺህ ያህል እሳት አጥፊዎችን መዝገብ መርምሮ በ2013 ባወጣው ጽሑፍ፥ በነቀርሳ መታመማቸው ከሌላው ሕዝብ በ9 በመቶ፥ በነቀርሳ መሞታቸውም በ14 በመቶ የሚበልጥ መሆኑን ገልጿል። ትንሽ ቍጥር የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ለዚህ ሥራ የሚመለመለው ጐልማሳ ከሌላው ሰው ይልቅ ጤናማና ብርቱ የሆነው ተመርጦ መሆኑን ያስብ። ተመርጦ የገባ ሰው ካልተመረጠው በልጦ ሲታመም ያ ልዩነት ከየት መጣ?

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ጢስ የሚገባው በሳንባ ነው፤ ፊኛን ምን አገናኘው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ብልህ ነው፤ መልሱም የነገሩን ሁሉ ቍልፍ ይዟል። መርዙ በአፍንጫ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባል። ሰውነት ሲሞቅና ሲያልበው ቆዳ የበለጠ ይቀበላል፤ እሳት አጥፊም ከማንም ይልቅ የሚሞቅና የሚያልበው ሰው ነው። በአንገትና በመንጋጋ አካባቢ፥ ቆቡና ካፖርቱ በሚገናኙበት ስፍራ፥ ጥቀርሻው ሾልኮ ይገባል። ከቆዳው ወደ ደም፥ ከደም ወደ ኵላሊት ይሄዳል፤ ኵላሊት አጣርቶ ወደ ፊኛ ይሰደዋል፤ በዚያም ሽንቱ እስኪወጣ ድረስ ሰዓታት ያህል ተጠራቅሞ ይቈያል። ስለዚህ የመተንፈሻ መሣሪያ በፊቱ ያጠለቀ ሰው እንኳ ሳንባውን ቢጠብቅ ቆዳውን አልጠበቀም።

መሣሪያውንም ቢሆን እስከ መጨረሻ የሚያጠልቀው ጥቂት ነው። ነበልባሉ ሲወድቅ ሰው ሁሉ እፎይ ይላል፤ ከባዱን የአየር ጠርሙስ ከጀርባው አውርዶ፥ ጭምብሉን ገልጦ፥ ፍሙን እየገለበጠ የተረፈ እሳት መኖር አለመኖሩን ይፈልጋል። ይህ ሰዓት ከሁሉ የሚያታልለው ሰዓት ነው። ነበልባል አይታይም፤ ጢሱም ሳስቷል፤ የማይታየው መርዝ ግን ከፍሙና ከዐመዱ መነሣቱን አላቋረጠም። ከዚያ በኋላ ያው የጠቈረው ልብስ በመኪናው ውስጥ ሲመለስ ይተንናል፤ በሰፈሩ ክፍል ውስጥ ሲሰቀል ይተንናል፤ ሠራተኛው ይዞት ወደ ቤቱ ከገባም ልጆቹ ባሉበት ይተንናል።

በዚህ ላይ አንድ መጥፎ ኩራት ተጨምሮበታል። በብዙ አገር የእሳት አጥፊ ቆብ በጥቀርሻ የጠቈረ እንደ ሆነ እንደ ሜዳልያ ይቈጠር ነበር፤ ቆቡ ንጹሕ የሆነው ግን ገና እሳት ያላየ ጀማሪ ነው ተብሎ ይዘበትበት ነበር። ወታደር የተቀደደ ሰንደቁን አክብሮ ማስቀመጡ የሚያስመሰግነው ነው፤ መርዝ የተቀባ ልብስን አክብሮ መልበስ ግን ክብር አይደለም። ይህን ልማድ ከአዲስ ምልምሎች ልብ ለማውጣት ከሐኪም ስብከት ይልቅ የአዛዡ ምሳሌነት እንደሚበልጥ እናምናለን፤ አዛዡ ቆቡን ሲያጥብ ያየ ምልምል ለማጠብ አያፍርምና።

ጥቀርሻ ነቀርሳ እንደሚያመጣ መታወቁ ደግሞ ከአሜሪካ ጥናት በጣም ይቀድማል። ፐርሲቫል ፖት የተባለው የሎንዶን ሐኪም በ1775 በጻፈው ጽሑፍ፥ የጢስ ማውጫ እየጠረጉ ያደጉ ብላቴኖች ጐልማሳ ሲሆኑ በኀፍረተ ሥጋቸው ቆዳ ላይ ነቀርሳ እንደሚወጣባቸውና ምክንያቱም በቆዳቸው መሸብሸቢያ ውስጥ የሚቀረው ጥቀርሻ መሆኑን ገልጾ ነበር። ከ100 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አልፎ በ1892 ሄንሪ በትሊን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም ለምን በእንግሊዝ አገር ያሉ ጠራጊዎች በዚህ በሽታ ሲታመሙ በሌላው የኤውሮጳ አገር ያሉት እንደማይታመሙ መረመረ። ያገኘው መልስ የሚያስገርም ነው፤ የሌላው አገር ጠራጊዎች ሰውነታቸውን የሚሸፍን ልብስ ይለብሱ ነበር፤ ከሥራም በኋላ ይታጠቡ ነበር። መድኃኒት አልነበራቸውም፤ የተለየ ጥበብም አልነበራቸውም። ውኃና ሳሙና ነበራቸው።

ዛሬም የተገኘው መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ተደርጎ በ2017 የታተመ ምርመራ፥ ከእሳት የወጣው ሰው ልብሱን ሳያወልቅ እዚያው በስፍራው በውኃና በሳሙና በብሩሽ ቢታጠብለት በልብሱ ላይ ካለው የጥቀርሻ መርዝ 85 በመቶ ያህሉ እንደሚወገድ፥ አንገቱንም በእርጥብ መጥረጊያ ቢጠርግ ከቆዳው ላይ ግማሽ ያህሉ እንደሚነሣ አሳይቷል። በስዊድን ሰሜን በሸሌፍቴዮ ከተማ ያሉ እሳት አጥፊዎች ደግሞ ይህን ሥርዐት አድርገውታል፤ የቈሸሸው ልብስ ሠራተኛው ከተቀመጠበት ክፍል ተለይቶ በተዘጋ ከረጢት ይመለሳል፤ በሰፈራቸውም ንጹሕ ስፍራና ርኩስ ስፍራ የሚለይ ድንበር አለ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ታጥቦ ይሻገራል። የኛ ካህናት ንዋየ ቅድሳት ለማንሣት ማን እንደሚገባውና ማን እንደማይገባው ጠንቅቀው የሚያውቁ ስለ ሆኑ እንዲህ ያለው ሥርዐት እንግዳ የሚሆንባቸው አይመስለንም።

ከጢሱ ሌላ እሳቱን ለማጥፋት የሚረጨው ነገር ራሱ የሚያመጣው ጕዳት አለ። ውኃ ነዳጅ ላይ ሲፈስ ነዳጁ ከላይ ስለሚንሳፈፍ እሳቱን አያጠፋውም፤ ስለዚህ በ1960ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ባሕር ኀይልና 3ኤም የተባለው ኩባንያ በነዳጁ ላይ እንደ ስስ ሻሽ የሚዘረጋ አረፋ ሠሩ። አረፋው ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ብዙ ሰውም አዳነ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በውስጡ ያለው ፍሎሪን የተቀላቀለበት ቅመም፥ በምሕፃር ፒፋስ የሚባለው፥ በፀሐይም በዝናብም በአፈር ውስጥ ባሉ ሕዋሳትም የማይፈርስ ሆኖ ተገኘ። ወደ ጕድጓድ ውኃ ይወርዳል፤ በሰው ደምም ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ቀደም ብለን የጠቀስነው የሊዮኑ ድርጅት በ2023 ከነዚህ ቅመሞች ፒፎአ የተባለውን ነቀርሳ ማምጣቱ ከተረጋገጠው መደብ አገባው፤ ፒፎስ የተባለውን ደግሞ ከሚያጠራጥረው መደብ።

በአውስትራሊያ በቪክቶሪያ ግዛት ፊስክቪል በተባለ ስፍራ በ1972 የተከፈተ የእሳት አጥፊዎች ማሠልጠኛ ነበር። ለልምምድ የሚቃጠለው ነገር በርካሽ ወይም በነጻ የመጣ የፋብሪካ ትርፍ ሲሆን፥ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሳይኖር በጕድጓድ እየፈሰሰ ይለኰስ ነበር። ምልምሎቹ እሳቱን ያጠፉበት የነበረው ውኃ ተመልሶ ከተጠራቀመበት ኩሬ እንደ ገና የሚቀዳ ነበር፤ አረፋውም በዚያው ኩሬ ውስጥ ነበረ። ቅሬታ የሚያሰሙ ሰዎች በየዘመኑ አልጠፉም። ጕዳዩ ለሕዝብ በግልጽ የወጣው ግን በ2011፥ የዚያው የእሳት አጥፊዎች ድርጅት የቀድሞ ዋና አዛዥ፥ ራሱ በነቀርሳ ታሞ ሳለ ለጋዜጣ በተናገረ ጊዜ ነው። እርሱ በ2014 ሞተ፤ ማሠልጠኛው በ2015 ተዘጋ፤ የግዛቱ ምክር ቤትም መርምሮ በ2016 ዘገባውን አወጣ። ከ1972 እስከ 2015 ድረስ 43 ዓመት መሆኑን ስናሰላ፥ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ደብዳቤ የተቀበሉ፥ ደብዳቤውንም ወደ ሌላ ክፍል የመሩ ስንት ባለሥልጣኖች እንደ ነበሩ ማሰባችን አልቀረም።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንንገር። በዚያው በአውስትራሊያ 285 እሳት አጥፊዎች ለ1 ዓመት ያህል በተራ ደም ወይም የደማቸውን ውኃ እንዲሰጡ ተደርጎ፥ በ2022 በታተመው ውጤት በደማቸው ውስጥ ያለው ፒፋስ ምንም ካልሰጡት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። ዋግምት የሚያውቀው የኛ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ይህ ጤናቸውን ያሻሽላል ተብሎ ገና አልተረጋገጠምና ማንም ምላጭ እንዳያነሣ እንለምናለን። ይልቅስ ያለ ፒፋስ የሚሠራ አረፋ መኖሩንና በሎንዶን ያለው የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ከ2012 ጀምሮ በዚሁ መተካቱን አስታውሰን ወደ ዋናው ነገር እንመለሳለን። አረፋ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በጨረታው ሰነድ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር ቢጨምር ብዙ ነገር ያድናል።

ዋናው ነገር የማስረጃ ነገር ነው። ነቀርሳ ሲመጣ እንደ መንግሥት ደብዳቤ ማኅተምና ቍጥር ይዞ አይመጣም። ሐኪም ቍስሉን አይቶ «ይህ ከሸማ ተራው እሳት የመጣ ነው፤ ያኛው ደግሞ ያለ ምክንያት የመጣ ነው» ብሎ ሊለይ አይችልም። ከ100 ታማሚዎች ጥቂቶቹ ያለዚያም ይታመሙ የነበሩ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ከሥራው የተነሣ የታመሙ ናቸው፤ ማን ከማን እንደ ሆነ ግን ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ሕጉ «ከሥራህ የመጣ መሆኑን አስረዳ» ብሎ የታመመውን ሰው ቢጠይቅ የማይቻለውን ጠየቀው ማለት ነው፤ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

በኒው ዮርክ የሆነውን እንመልከት። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ሁለቱ ታላላቅ ሕንፃዎች ሲወድቁ የከተማው እሳት አጥፊዎች 343 ሰዎች በአንድ ቀን ሞቱባቸው። ፍርስራሹ እስከ ዲሴምበር ወር ድረስ ከውስጥ ሲነድ ቈየ፤ የተረፉትም ባልንጀሮቻቸውን ለመፈለግ ቀንና ሌሊት በብናኙ ውስጥ ሠሩ። እሳቱ ገና ሳይጠፋ፥ በሴፕቴምበር 18 ቀን፥ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አለቃ አየሩ ለመተንፈስ ደኅና ነው ብለው ለሕዝብ አስታወቁ። የዚያው መሥሪያ ቤት ተቈጣጣሪ በ2003 እንደ ገለጸው ግን ይህን ለማለት የሚበቃ መረጃ በጊዜው አልነበራቸውም። ሕዝብን ለማረጋጋት መፈለግ ክፉ አሳብ አይደለም፤ ሳያውቁ ማረጋጋት ግን ጭምብሉን ከሠራተኛው ፊት በእጅ እንደ ማውለቅ ይቈጠራል።

ነገር ግን የኒው ዮርክ እሳት አጥፊዎች ሌሎች ያልነበራቸው አንድ ነገር ነበራቸው። ከአደጋው በፊት ጀምሮ የመሥሪያ ቤታቸው ሐኪሞች እያንዳንዱን ሰው በየጊዜው እየመረመሩ፥ ሳንባው በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል አየር እንደሚያወጣ እየለኩ በመዝገብ ይጽፉ ነበር። ስለዚህ ከአደጋው በኋላ «እኔ እኮ ድሮ ይህን ደረጃ በሩጫ እወጣው ነበር» ብሎ የሚናገር ሰው ቃሉ ብቻውን አልቆመም፤ በመዝገብ የተጻፈ ቍጥር ተነሥቶ መሰከረለት። ከ12 ሺህ የሚበልጡ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መዝገብ ሲታይ የሳንባቸው ኀይል በ1 ዓመት ውስጥ፥ በእርጅና ምክንያት በ12 ዓመት ሊቀንስ የሚገባውን ያህል ቀንሶ ተገኘ። በ2010 የታተመው ጥናት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የጠፋው ኀይል እንዳልተመለሰላቸው አሳየ። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት፥ በፍርስራሹ የሠሩት እሳት አጥፊዎች እዚያ ካልደረሱት ባልንጀሮቻቸው ይልቅ በነቀርሳ መታመማቸው በ19 በመቶ እንደሚበልጥ ገለጸ።

እንዲያም ሆኖ ሕጉ ዘግይቷል። ለታመሙት መታከሚያና ካሣ የሚሰጠው ሕግ የተፈረመው በጃንዋሪ 2011፥ ይኸውም ከአደጋው ከ9 ዓመት በኋላ ሲሆን፥ በመጀመሪያ ነቀርሳን አላካተተም ነበር፤ የገባው በ2012 ነው። በሴፕቴምበር 2023 ከዚያ ሥራ በመጣ በሽታ የሞቱት እሳት አጥፊዎች ቍጥር 343 ደረሰ፤ በዚያ ቀን ከሞቱት ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህም አልፎታል። የፊተኞቹ በአንድ ቀን ሞተው በሰንደቅና በመለከት ተቀበሩ፤ የኋለኞቹ ግን በ22 ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ፥ ብዙ ሰው ሳይሰማ ሄዱ።

ማስረዳትን ከታመመው ሰው ትከሻ አውርዶ በአሠሪው ላይ የሚጥል ሕግ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1982፥ በካናዳ የማኒቶባ ግዛት በ2002፥ የአውስትራሊያ ማዕከላዊ መንግሥት በ2011 እንዲህ ያለ ሕግ አውጥተዋል። ቃሉ በየአገሩ ቢለያይም መንፈሱ አንድ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት እሳት ሲያጠፋ የኖረ ሰው በተዘረዘሩት የነቀርሳ ዓይነቶች ቢታመም፥ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ በሽታው ከሥራው እንደ መጣ ይቈጠራል። እንዲህ ያለው አሳብ ለኛም ሕግ እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 በሥራ ምክንያት ስለሚመጡ በሽታዎች ሲናገር፥ በሰንጠረዥ ለተመለከተ ሥራና በሽታ ይህንኑ ግምት ይወስዳል። አዋጁ በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች ስለማይመለከት፥ እሳት አጥፊዎች በሚተዳደሩበት ሕግ ውስጥ ያው ግምት የበሽታው ዓይነትና የአገልግሎቱ ዘመን በስም ተዘርዝሮ ቢጻፍላቸው መልካም መሆኑን ለሕግ አዋቂዎች እናሳስባለን።

«ገና የሚበቃ መኪናና የውኃ መስመር ሳይኖረን ስለ ሳሙናና ስለ መዝገብ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ሹም እንደሚኖር እናውቃለን። ንግግሩ በከፊል እውነት አለው፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ውድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ልብስ መግዛትም ገንዘብ ይጠይቃል። የመኪናው ጥያቄና የሳሙናው ጥያቄ ግን አንዱ አንዱን የሚያስቀድም አይደለም። መኪናው ውኃ ጭኖ ነው የሚሄደው፤ ከዚያው ውኃ ጥቂት ባልዲ ለሠራተኛው መታጠቢያ ማስቀረት በጀት አይጠይቅም። ልብሱን ከሠራተኛው መቀመጫ ለይቶ በከረጢት መጫን፥ በሰፈሩም መኪናው በቆመበት ክፍል ሞተሩን ሳያስፈልግ አለማስነሣት፥ ፍሙ ሲገለበጥ ጭምብሉን አለማውለቅ፥ እነዚህ ሁሉ ከትእዛዝ በቀር ሌላ ወጪ የላቸውም። ደግሞም የሠለጠነን ሰው በ45 ዓመቱ ማጣት ርካሽ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ያን ሰው ለማሠልጠን የወጣውን ገንዘብ ሒሳብ ያውጣ።

ካህናት ደግሞ በዚህ ነገር ሥራ የለንም አይበሉ። የታመመው ሰው ከሐኪም አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ንስሓ አባቱ ነው። ሽንቱ ደም የቀላቀለበት ሰው አፍሮ ዝም ሲል፥ ወይም ሳሉ የማይለቀው ሰው «ብርድ ነው» ሲል፥ «አባቴ፥ እሳት አጥፊ ነበርሁ» ያለውን ቃል ሰምቶ «እንግዲያስ ይህን ለሐኪሙ ንገረው» የሚል አንድ አባት ቢገኝ፥ በሽታው ሳይጸና ሊደረስበት ይችላል። ጠበሉም ምርመራውን አይከለክልም።

የምንለምነው ትንሹ ነገር መዝገቡ ነው፤ ሊዘገይም የማይገባው እርሱ ነው። ሕግ ነገ ሊወጣ ይችላል፤ መሣሪያም በሚመጣው ዓመት ሊገዛ ይችላል፤ ዛሬ ያልተለካ ሳንባ ግን ዛሬ ምን ያህል እንደ ነበረ ነገ ሊታወቅ አይችልም። ምልምሉ ሲገባ ይመርመር፤ ከዚያም በየዓመቱ ይለካ። ከእያንዳንዱ እሳት በኋላ ስሙ፣ ቀኑ፣ የተቃጠለው ነገር ዓይነት፣ በጢሱ ውስጥ የቈየበት ሰዓት፣ መተንፈሻ አድርጎ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይጻፍለት። አምስት ዓምድ ያለው ተራ ደብተር ይበቃል፤ የሚጽፈውም የዕለቱ ተረኛ ነው። ሠራተኛው ከሥራ ሲሰናበት ደግሞ ቅጅው በማኅተም ተረጋግጦ በእጁ ይሰጠው፤ መሥሪያ ቤት ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲዛወር ስንት መዝገብ እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለንና። ያ ወረቀት የሚፈለገው ምናልባት ከ20 ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ ያን ጊዜ ይዛው የምትመጣው ሚስቱ ወይም ልጁ ልትሆን ትችላለች።